ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በወጣቶች ጉባኤዎቻችን ስለ ጸሎት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጓደኛ ምርጫ፣ ስለ ስልክ አጠቃቀም ብዙ ተሰብኮልናል፤ የሚገባም ነው። ስለ አንድ ነገር ግን ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። መኪኖች እየተሳቡ በሚሄዱበት የምሽት መንገድ ላይ የሰው ተራ ስለሚሰርቀው አማኝ። «ይህ ደግሞ ምን ትልቅ ነገር ሆኖ ነው?» እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ። ብዕር ያነሣሁት ትንሽ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ፣ ከሳር ቤት ወደ ጀሞ፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወስዱት መንገዶች ሞልተዋል። መኪኖቹ ተሰልፈው ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፣ ጥቂት ሄደው ይቆማሉ። በዚህ መካከል አንዱ ከረድፉ ይወጣና በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወይም በቀኝ በኩል የእግረኛውን መንገድ እየታከከ፣ ሃምሳ ስልሳ መኪና አልፎ ይሄዳል። ፊት ለፊቱ የሚመጣ መኪና ሲያጋጥመው ፍሬቻ ያበራል፤ አንዳንዱ እሱንም አያደርግም። አፍንጫውን በሁለት መኪኖች መካከል ይሰካል። መኪናዬ ይጋጭብኛል ብሎ የፈራው ይቆምለታል። ከዚያ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያመሰግናል። በኋላ መስታወቱ ላይ ደግሞ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጥፏል።

ይህን የመጨረሻውን ለጨዋታ ማሳመሪያ የጨመርኩት አይደለም። እናንተም አይታችሁታል።

ስሙ ሌብነት ነው

ተራ መዝለልን «ችኮላ» ብለን እንጠራዋለን። ችኮላ የሚለው ቃል የዋህ ነው፤ ሥራ የበዛበትን ሰው ድካም ያስመስላል፤ ይቅርታም ያሰጣል። እስቲ በስሙ እንጥራው። ሌብነት ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ መኪና ከረድፉ ፊት ሲገባ ከኋላው ያለውን እያንዳንዱን መኪና 3 ሰከንድ ያዘገየዋል እንበል። የዘለላቸው መኪኖች 100 ቢሆኑ የጠፋው በድምሩ 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ነው። እርሱ ያተረፈውም ያንኑ 5 ደቂቃ ነው። ከሰማይ አልወረደለትም፤ ከመቶ ሰው ኪስ ሦስት ሦስት ሰከንድ እየለቀመ ያገኘው ነው። በእነዚያ መኪኖች መካከል ደግሞ ሰው የሞላባቸው ሚኒባሶችና አውቶቡሶች አሉ፤ ስለዚህ የተዘረፈው ሕዝብ ከመኪናው ቁጥር በብዙ ይበልጣል። ሃያ ሰው እንዲሁ ሲያደርግ በረድፉ መጨረሻ ያለችው እናት አንድ ሙሉ ደቂቃ አጣች። ከመቶ ሰው ኪስ አንድ አንድ ብር የሰረቀ ሰው «ከእያንዳንዳቸው የወሰድኩት እኮ አንድ ብር ብቻ ነው» ቢለን እንስቅበት ነበር። በጊዜ ሲሆን ግን አንስቅም፤ እንዲያውም «ጎበዝ ሹፌር ነው» እንላለን።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የአንድ ሙከራ ውጤት አሳትመው ነበር። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች አሰለፉና ሹፌሮቹን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ እንዲዞሩ ነገሯቸው። የትራፊክ መብራት የለም፤ መታጠፊያ የለም፤ የተበላሸ መኪና የለም፤ የሚሻማም የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን አንዱ ወደ ፊተኛው ትንሽ ሲጠጋ ፍሬን ይነካል፤ ከኋላው ያለው ጠንከር አድርጎ ይይዛል፤ ከእርሱ ኋላ ያለው ይቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨናነቁ ከምንም ተነሥቶ ተፈጠረ። ከተፈጠረ በኋላም እንደ ማዕበል ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ ሄደ።

እንግዲህ አስቡት። ማንም ክፋት ባላሰበበት ባዶ ክብ ላይ ትንሽ የፍሬን ንክኪ ይህን ካደረገ፣ በተጨናነቀ መንገድ ላይ በጉልበት የሚሰካው አፍንጫ ምን ያደርግ ይሆን? በእርሱ ምክንያት የተረገጠው ፍሬን ወደ ኋላ ይጓዛል። እርሱ ቤቱ ገብቶ እግሩን ሲዘረጋ፣ ለምን እንደቆሙ የማያውቁ ሰዎች ሩቅ ቦታ ላይ ቆመዋል። ብዙ ኃጢአት እንዲህ ነው። የሚጎዳው ሰው በስፖኪዮ የማይታየን ሰው ነው፤ የማይታየን በመሆኑም ያልጎዳን ይመስለናል።

አደባባዮቻችንንም ተመልከቱ። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የተማረው ሕግ አለ፤ ወደ አደባባይ የሚገባ ሹፌር በውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚዞረው ካልወጣ ለሚገባው ቦታ አይኖርም። ሁሉም «እኔ ልግባ» ሲል መውጫዎቹ ይደፈናሉ፤ ሊወጣ የነበረው መውጣት ያቅተዋል፤ በመጨረሻ አራቱም አቅጣጫ ይቆለፋል። ያኔ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ፣ አንዱን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ሌላውን እየለመነ፣ እጁ እስኪዝል ድረስ ያንን ቋጠሮ ይፈታል። ሁሉም ሊቀድም የሞከረበት አደባባይ ማንም ያልቀደመበት አደባባይ ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። በመንገድ ላይ ግን የቸኮለው ያፈስሳል፤ ያልቸኮለው አብሮት ይለቅማል።

የምናቀርባቸው ምክንያቶች

«እንደዚያ ካልነዱ በአዲስ አበባ አይደረስም» ይባላል። የከተማዋን ችግር አልክድም። ሰፍታለች፤ መኪናው በዝቷል፤ መንገዱ ይቆፈራል፤ ዝናብ ሲጥል ይጥለቀለቃል። መንገዱን የሠራነው እኛ አይደለንም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ከመኪና ወርዳችሁ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ባለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ደክሟል፤ ዝናቡ ያካፋል፤ ልጅ ያዘለች አለች፤ ሰልፉ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። ሆኖም ይጠበቃል። አንዱ ከፊት ሊገባ ቢሞክር «ወንድም፣ ሰልፍ አለ!» የሚል ድምፅ ከየቦታው ይነሣል፤ ሰውየውም አፍሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። አቅመ ደካማ አዛውንት ሲመጡ ደግሞ «አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» ይባላሉ፤ ማንም አያጉረመርምም።

ሕዝቡ ያው ነው፤ ከተማዋም ያችው ናት፤ ምሽቱም ያው። ስለዚህ «የእኛ ሰው ሰልፍ አያውቅም» የሚለው ሐሰት ነው። የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሰልፉ ላይ የሰው ፊት አለ። መኪና ውስጥ ግን የምናየው ቆርቆሮና መስታወት ነው። ባልንጀራችንን «ያች ነጭ ቪትስ»፣ «ያ ታክሲ»፣ «ያ ሲኖትራክ» እያልን እንጠራዋለን። ፊት ሲጠፋ እፍረትም አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን የክርስቶስ ተከታይ የሚያፍረው ሰው ስላየው ብቻ ከሆነ፣ ከማያምነው በምን ተለየ? እኛ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውንም የሚያይ አምላክ አለን የምንል ሰዎች ነን።

«መንገዱን የሚያበላሹት የታክሲ ሹፌሮች ናቸው» ይባላል። የሚኒባስ ሹፌር መንገድ መሐል ቆሞ ሰው ሲያወርድ ጥፋት ነው፤ አልሸፍንለትም። ግን ብዙው የሚነዳው የሰው መኪና ነው። ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ አለ፤ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። አንድ ምልልስ ሲቀርበት ስንት እንጀራ እንደሚቀርበት ያውቃል። ኮድ 2 መኪና ይዞ ወደ መዘምራን ልምምድ የሚሄደው ወንድማችንስ ምን ይቀርበታል? ምክንያቱ ከባለታክሲው ያነሰ ሆኖ ሥራው አንድ ከሆነ፣ ጥፋቱ አነሰ ወይስ በዛ? ብዙ የተሰጠው ሰው ብዙ እንደሚጠየቅ ያስተማረን ጌታ ነው።

መኪና የሌላችሁም፣ ምናልባት አብዛኞቻችሁ፣ ከዚህ ነገር ነፃ አይደላችሁም። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «ሹፌር፣ ግባበት እንጂ! ምን ታያለህ?» የሚለው ማን ነው? ረዳቱ ብቻ ነውን? ተራውን የሚጠብቀውን ሹፌር «ፈዛዛ» የሚለው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያበር ደግሞ «አቦ ይመችህ» የሚለው ማን ነው? ተሳፋሪ የሚያመሰግነውን ሹፌር ያፈራል። መሪውን ባትይዙም ምላሳችሁ እየነዳ ነው።

«ለአገልግሎት ቸኩዬ ነው» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ እግዚአብሔርን የጥፋታችን ምክንያት ያደርገዋልና። ዘኍልቍ ምዕራፍ 20ን አንብቡት። እስራኤል ወደ ተስፋይቱ ምድር ሲጓዙ በኤዶም አገር ማለፍ አስፈለጋቸው። ሙሴ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኞች ላከ። ምን ብሎ ላከ? በንጉሡ ጎዳና ብቻ እንደሚሄዱ፣ ወደ ሰው እርሻና ወይን ቦታ እንደማይገቡ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ፈቀቅ እንደማይሉ ቃል ገባ። ከብቶቻቸው የአገሩን ውኃ ቢጠጡ እንኳ ዋጋውን እንደሚከፍሉ አስታወቀ። ይህን የሚለው የእግዚአብሔር ተስፋ በእጁ ያለ፣ በደመናና በእሳት ዓምድ የተመራ ሕዝብ ነው! ኤዶም ግን እምቢ አለ። እስራኤልም ጥሶ አልገባም፤ ዞሮ በሌላ መንገድ ሄደ።

ከዚህ የሚበልጥ አስቸኳይ አገልግሎት ያለው ማን ነው? የተስፋው ቃል የኤዶምን እርሻ የመርገጥ ፈቃድ ለእስራኤል ካልሰጠ፣ የ12 ሰዓቱ ልምምድ የሰውን ተራ የመርገጥ ፈቃድ ለእኛ አይሰጠንም። የአገልግሎት ችኮላ መድኃኒቱ ከቤት ቀደም ብሎ መውጣት ነው። ከረፈደባችሁም አርፍዳችሁ ግቡና ይቅርታ ጠይቁ። የማርፈድ እፍረት የአርፋጁ ነው፤ በሰው ተራ በሰዓቱ የደረሰ ግን እዳውን መንገድ ላይ ላሉት ጥሎባቸው መጥቷል። በዚያ እጁ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ፍቅር ሲዘምር ምን ይሰማዋል?

መስጠትና ማስገባት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ይለኛል፤ «ታዲያ አማኝ የሚገባበትን ሁሉ ዝም ብሎ ያስገባ? ፍቅር ማለት እርሱ አይደለምን?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይደለም።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 13 የአብራምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ተጣሉ። አብራም ታላቅ ነው፤ አጎት ነው፤ ተስፋው የተሰጠው ለእርሱ ነው። ግን ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ይህ እምነት ነው። ልብ በሉ፤ አብራም የለቀቀው የራሱን መብት ነው። በሰው መብት አልቸረም። እኛ ግን ተቃራኒውን መንገድ ይዞ የመጣውን ሰው በፈገግታ ስናስገባ የምንሰጠው የእኛን 3 ሰከንድ ብቻ አይደለም፤ ከኋላችን ያሉትን የመቶውን ሰው ሁሉ ነው። እነርሱን ሳናስፈቅድ በእነርሱ ጊዜ ቸር እንሆናለን። ነገም ያው ሰው ያንኑ ያደርጋል፤ አስገቢ አያጣምና።

ሌላ ዓይነት ማስገባት ግን አለ፤ እርሱን የነፈገ ሰው ክርስቲያን ነኝ ባይል ይሻላል። ከቅያስ ሊወጣ ፍሬቻ አብርቶ የሚጠብቅ አለ፤ ማንም ካላስገባው እስከ ማታ እዚያው ይቆማል። እንዲህ ያለው ተራ አልዘለለም፤ ተራ የሚሰጠው ሰው ነው ያጣው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ እየተቀባበሉ መግባት ማንንም አይጎዳም። ሁለት ረድፍ ወደ አንድ በሚጠብብበት ቦታም እንዲሁ ነው። የተፈቀደውን ረድፍ ይዞ እስከ መጥበቢያው የመጣ ሌባ አይደለም፤ እዚያ ላይ መፈራረቅ ነው ያለብን። በዜብራ ላይ የቆመው እግረኛ፣ የሕመምተኛ አምቡላንስ፣ መንገድ የጠፋበት እንግዳ፣ እነዚህ ሁሉ ልናስገባቸው የሚገቡ ናቸው። ስለ አምቡላንስ ካነሣን ደግሞ፣ መንገድ ሲለቀቅለት በጭራው ተለጥፎ የሚከተለውን ሰው ምን እንበለው? የሌላውን ጣር መንገድ መክፈቻ ያደረገ ሰው ነው።

በግፍ የሚገባውንስ ምን እናድርገው? አትዋጉት። ኮፈን ለኮፈን ተፋጥጦ አንድ ጣት ያህል ቦታ አልለቅም ማለት ሌላው የትዕቢት መልክ ነው። የተሠረቀብን ሰዎች ቁጣችን ጽድቅ ይመስለናል፤ ከዚያ ክላክሱን ተጭነን አንለቅም፤ መስታወት አውርደን የስድብ መዓት እናወርዳለን። ጌታ በተራራው ስብከት ወንድምን በቁጣ መሳደብን ከመግደል ጋር አንድ ረድፍ ላይ አስቀምጦታል፤ መኪና ውስጥ ለሚሰደብ ስድብ የተለየ ሕግ አልሰጠም። በተለይ እናንተ ወንድሞች፣ ቀስ ብላ የምትነዳ ሴት ባያችሁ ቁጥር «ሴት ናት እኮ!» የምትሉትን ተዉት። እርሷ ተራዋን እየጠበቀች ነው፤ የምትሰድቧት እናንተ ናችሁ የዘለላችሁት። የታርጋውን ክልል አይቶ በሰው ላይ መፍረድም ከዚያው ጆንያ የወጣ ነው።

ተራ ሰው መሆን

«ተራ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይናገራል። ተራ ወረፋ ነው፤ «ተራዬን እጠብቃለሁ» እንላለን። ተራ ደግሞ ከሌላው ያልተለየ ማለት ነው፤ «ተራ ሰው» እንላለን። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ተራ የሚዘልለው ሰው ዋና ችግሩ የጊዜ እጥረት አይደለም፤ ብዙው ቤቱ ደርሶ ስልኩን እያየ ይቀመጣል። ችግሩ ተራ ሰው መሆን አለመቻሉ ነው። መቶ ሰው በተሰለፈበት መንገድ ላይ «እኔ ከመቶው አንዱ ነኝ» ማለት ይከብደዋል። ሌሎቹ መጠበቅ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ እርሱ ማለፍ ያለበት ሰው ነው።

ይህ በሽታ በመኪና አልተጀመረም። በሉቃስ ምዕራፍ 14 ጌታ ለግብዣ የተጠሩ ሰዎች የክብር ወንበር እንዴት እንደሚመርጡ ተመልክቶ በዝቅተኛው ቦታ እንዲቀመጡ መከራቸው። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ደግሞ ጳውሎስ ስለ ጌታ እራት ሲጽፍ የሚወቅሳቸው በምን ነበር? ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ የራሱን ምግብ ይዞ ይቀድማል፤ አንዱ ጠግቦ ይሰክራል፤ ሌላው ይራባል። ተራ መዝለል በጌታ ማዕድ ላይ! ጳውሎስ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ አላለፈውም፤ ከጌታ ሥጋና ደም ጋር አያይዞ አስጠነቀቀ። የሰጣቸው መፍትሔም ረጅም ትምህርት አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው ያዘዛቸው። መጠበቅ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መሆኗ የሚታይበት ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ራሱን ጌታን ተመልከቱ። በሉቃስ ምዕራፍ 3 ወደ ዮርዳኖስ ሕዝብ ይጎርፋል፤ ቀራጮች አሉ፤ ወታደሮች አሉ፤ ኃጢአታቸውን የሚናዘዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ኢየሱስም መጣና በእነርሱ መካከል ተጠመቀ። ኃጢአት የሌለበት ከኃጢአተኞች ጋር ተሰለፈ። ለእርሱ መንገድ ማስለቀቅ የሚገባው ዮሐንስ እንኳ ተከራክሮት ነበር፤ እርሱ ግን ልዩ መግቢያ አልጠየቀም። እኛ የምንከተለው ይህንን ጌታ ነው። እርሱ በኃጢአተኞች መካከል ከቆመ፣ እኛ ከአንድ አይሱዙ ጀርባ መቆም ለምን አቃተን?

ጎረቤት የሚሰማው ስብከት

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያለውን ደጃፋችንን እዩት። ለሁለት ሰዓት እጃችንን አንሥተን ዘምረናል፤ ስለ ትሕትና ተሰብኳል፤ ተባርከን ወጥተናል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ላይ ክላክስ በክላክስ ይሆናል። አንዱ ሌላውን ዘግቶ አቁሟል፤ ባለቤቱ አይገኝም። የጎረቤት በር ላይ የቆመ መኪና አለ፤ ጎረቤቱ ታማሚ ቢኖርበት የት ይወጣል? ሁለት አገልጋዮች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠው አንዱም ወደ ኋላ ማርሽ አያስገባም። ያ ጎረቤት ወደ አዳራሻችን ገብቶ ስብከት ሰምቶ አያውቅም። የሚሰማው ስብከት ይህ ነው፤ በየሳምንቱም ይሰማዋል።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 በግንብ ላይ የቆመው ጠባቂ ከሩቅ የሚመጡትን አየ። ፊታቸው ገና አልታየውም፤ ግን ከአነዳዱ የተነሣ ኢዩ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። ኢዩ በችኮላ ነጂነቱ የታወቀ ነበርና። እኛንም ሰው ከሩቅ ያውቀናል። መኪናችን ላይ የለጠፍነው ጽሑፍ ሳይነበብ አነዳዳችን ተነብቧል። እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለን፤ ወይ አነዳዱን ማረም፣ ወይ ጽሑፉን መላጥ። የጌታን ስም በሰው ተራ ላይ ይዞ መግባት ግን ስሙን በከንቱ ማንሣት ነው።

ስለዚህ የወጣት ኅብረቶች ሆይ፣ ነገሩ በውይይት ብቻ እንዳይቀር አንዳንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከመጪው እሑድ ጀምሮ አራት ወጣቶች በየተራ በቤተ ክርስቲያናችሁ በር ላይ ቁሙና መኪናዎቹን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ እያደረጋችሁ አስወጡ። ሽማግሌውም ቢሆኑ፣ ዘማሪውም ቢሆን፣ በተራው ይውጣ። የጎረቤቶችን በር በኖራ ወይም በገመድ ለዩና ማንም እንዳያቆምበት አድርጉ፤ እስካሁን ለተዘጋባቸውም ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ። መርሐ ግብሮቻችሁን በተባለው ሰዓት ጀምሩ፤ በሰዓቱ የማይጀመር ልምምድ ሰው ዘግይቶ እንዲነሣ፣ ከዚያም መንገድ ላይ እንዲሻማ ያስተምራልና። የምትነዱ ከቤት ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። የምትሳፈሩ ተራውን ለሚጠብቀው ሹፌር ስትወርዱ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጥሩ ሁኔታ ነው የነዱት» በሉት። ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ተመልከቱ፤ ቀኑን ሙሉ ከስድብ በቀር የሰማው ላይኖር ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ብቻ ተራ ጠብቀን ከተማው ይለወጣል ወይ?» ትላላችሁ። ከተማው ይለወጥ እንደሆነ ቃል አልገባላችሁም። ምናልባት ከሌሎቹ ዘግይታችሁ ትደርሱ ይሆናል፤ ምናልባትም «ፋራ» ትባላላችሁ። ታማኝነት ዋጋ የማያስከፍል መስሏችሁ ከሆነ የተነገራችሁ ወንጌል ጎድሎታል። እኛ የተጠራነው ሌሎች ስላደረጉት አይደለም፤ ጌታ ስላዘዘን ነው። በትንሹ የታመነ በብዙ እንደሚታመን እርሱ አስተምሯል፤ ዛሬ በአንድ መኪና ርዝመት ላይ ያልታመነ ወጣት ነገ በቢሮ ፋይል፣ በጨረታ ሰነድ፣ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ይታመናል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የሰው ተራ መዝለል እዚያም አለ፤ ስሙ ብቻ ይለያል።

ዛሬ ማታ መንገዱ መዘጋቱ አይቀርም። ረድፋችሁን ያዙ፤ ከፊታችሁ ላለው ቦታ ስጡ፤ ከቅያስ የሚጠብቀውን አስገቡ፤ መጠበቁ ሲረዝምባችሁ ከኋላችሁ ላሉት ሰዎች ጸልዩ። ጌታ በመውጣታችሁና በመግባታችሁ ይጠብቃችሁ።